ብርቱካናማዋ ማን ናት?

የያዙኝ ከአምስት ኪሎ ወደ ጊዮርጊስ ስሄድ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። መኪናው ውስጥ ማንም አላናገረኝም። ያስገቡኝ ፒያሳ ካሉት አሮጌ የድንጋይ ቤቶች በአንዱ ምድር ቤት ነበር። ክፍሉ እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ጣሪያው ሥር ያለችው መስኮት የምታሳየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ ነው። የታክሲ ረዳቶች ሲጣሩ እሰማለሁ፤ እኔን ግን የሚሰማኝ የለም።

ውስጥ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ልብስ የሚሸጡ፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ። «እትዬ» እያልኩ ጠራኋቸው።

ከሰዓት በኋላ ለምርመራ ወሰዱኝ። መርማሪው ድምፁ ለስላሳ ወጣት ነው። ስልኬን ከፍቶ ለሥራ ባልደረባዬ የላክሁትን መልእክት አነበበልኝ፤ «ብርቱካናማዋ ወጥታለች። ነገ ነይና እያት።»

«ብርቱካናማዋ ማን ናት?»

«ቢራቢሮ ናት። የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ለተማሪዎቼ ያሳደግኳት አባጨጓሬ ክንፍ አውጥታ ከሽፋኗ ወጣች ማለቴ ነው።»

«እንዴት ያለች ቢራቢሮ?»

ያመነኝ መሰለኝ። ክንፏ ብርቱካናማ ነው አልኩት፤ ዙሪያው ጥቁር ጠርዝ፣ ጠርዙ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ። የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ መቀነት የታጠቀ ይመስላል። ጥቁሩ ጭንቅላቷና ደረቷ ላይ ነጭ ጤፍ የተበተነ ነው የሚመስለው። አባጨጓሬ ሳለች ወተት የሚወጣው መርዛም ቅጠል ስለምትበላ መራራ ናት፤ የቀመሳት ወፍ አይደግማትም። ለዚህም ነው ስትበር የማትቸኩለው።

እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ጥሩ አስተማሪ ነሽ» አለ። «ብርቱካናማዋ ከባልደረባሽ ጋር የምትደብቂያት ሰው ናት። አዎ በይ፣ ዛሬ ቤትሽ ታድሪያለሽ። ሄደሽ አስቢበት።»

እትዬ ነገሩን ስነግራቸው አፋቸውን ያዙ። «ቢራቢሮ ተጠርጥራ? በይ እንግዲህ ዝንብም ጠበቃ ትያዝ!»

ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ክፍሉ ይበልጥ ጠበበኝ።

«እትዬ፣ አዎ ካልኩ እኮ ማታ ልጄን አቅፌ እተኛለሁ።»

«እኔ አልፈርድብሽም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ምነው «አዎ አትበዪ» ባሉኝ ብዬ ተመኘሁ።

እንደገና ሲጠሩኝ መርማሪው ስልኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «እሺ፣ ማን ናት?»

ተማሪዎቼ ፊት እንደምቆመው ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «ክንፏ ብርቱካናማ ነው» ብዬ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ነጫጮቹ ነጠብጣቦች ላይ ስደርስ አስወጡኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንታት ቆየሁ። የፈቱኝም ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ነው። ባልደረባዬን ማንም አልጠራትም። እኔ አዳንኳት ማለት አልችልም፤ ምናልባት ከጅምሩም አልፈለጓት ይሆናል። አሁንም አንድ ትምህርት ቤት ነን፤ በእረፍት ሰዓት አብረን ማኪያቶ እንጠጣለን። ምን እንደጠየቁኝ አልነገርኳትም። ያን ምሽት ቤት ያልገባሁበትን ምክንያት የምነግራት ሌላ ሰው አለች። ልጄ። እስክታድግ እየጠበቅኩ ነው።