ሴራሚክ አንጣፊዋ አባይነሽ

አባይነሽን የቀጠርኋት እናቴ እንደገና ብቻዋን እንድትሄድ ብዬ ነው። እናቴ ሐረገወይን ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመቷ ነው። ከገጠር፣ ከድብ ባሕር አምጥቼ አዘዞ በተከራየሁት ቤት ሳኖራት፣ ወለሉን በእግሯ እየዳበሰች ከአልጋዋ እስከ ደጅ ትመላለስ ነበር። አምና ግን ከሌሎቹ ከፍ ያለች አንዲት ሴራሚክ አደናቅፋ ጣለቻትና ክንዷ ተሰበረ። ክንዷስ ዳነ፤ ፍርሃቷ ግን አልለቀቃትም፤ ሰው ካልያዛት ከአልጋዋ አትወርድም። የራሴን ቤት ሠርቼ ስጨርስ ታዲያ ወለል የሚያውቅ ሰው ሳፈላልግ፣ የጠየቅሁት ሁሉ የአባይነሽን ስም ጠራልኝ።

አባይነሽ አሸዋ በመሸከም ነው የጀመረችው። ግንበኛው አያ ኪሩ ሥራውን ለሴት አላስነካም ብሎ የቱቦ ጫፍ ብቻ ያስይዛት ነበር። ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ነው፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ግድግዳ ላይ ሲያስጠጋው ውሃው በሁለቱም ዳር እኩል ይቆማል፣ እዚያ ላይ ይሰመራል። ሦስት ዓመት ጫፍ ስትይዝ እሱ የሚያውቀውን ሁሉ ወሰደችበት። ዛሬ አያ ኪሩ የገዛ ቤቱን ያስነጠፈው በእሷ ነው።

እኔ የታክሲ ሾፌር ነኝ፤ ተሳፋሪ አንድ እግሩን እንዳስገባ የምነዳ ሰው ነኝ። እሷ ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ሴራሚክ ሳታስቀምጥ በቱቦዋ ግድግዳውን ዙሪያ ስታሰምር ዋለች። ከመስመሩ ወደ ታች ለክታ፣ ሊሾው፣ ማለትም ከሥር ያለው የሲሚንቶ ወለል፣ በመታጠቢያ ቤቱ በር በኩል ሁለት ጣት መውረዱን አሳየችኝ። ሞልታ እስኪደርቅ ሌላ አራት ቀን። ተነጫነጭሁ፣ አልሰማችኝም።

አርብ ቀትር ላይ አንጥፋ ጨረሰች። እስከ ነገ ማንም እንዳይረግጠው ብላ በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አጋድማ ሄደች። አሥር ሰዓት ላይ የንስሐ አባቴ አዲሱን ቤት ሊባርኩ መጡ። ካህን ከደጅ ይመለሳል እንዴ? ወንበሩን አነሣሁት። ጠበል እየረጩ ዞሩ፣ እኔና ሚስቴ ተከተልናቸው። ወለሉን አየሁት፤ ምንም የሆነ አልመሰለኝም፤ ወንበሩን ወደ ቦታው መለስሁት።

በማግስቱ አባይነሽ መጣች። ጫማዋን አወለቀች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እናቴ እንደምትሄደው እግሯን እየጎተተች ክፍሉን ዞረች። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። አንዷ ሴራሚክ የሳንቲም ውፍረት ያህል ሰርጋለች። ውሃ ልኳን አምጥታ ደጋግማ ለካች፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠችና እጇ እንደሳተባት ነገረችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ራሷን ስትወቅስ ግን አላስቻለኝምና ተናዘዝሁ።

«ምነው አያ ስማቸው» አለች። ከዚህ ሌላ አልተቆጣችም።

እናቴ በነጋታው እንደምትመጣ ነግሬ፣ ለጊዜው ምንጣፍ ጣል እናድርግበት አልሁ።

«ሌላ ማደናቀፊያ ልጨምርላቸው? ዓይን ያለው ሰው ይኸን ዘሎት ያልፋል። እናትዎ ግን በእግራቸው ነው የሚያዩ።»

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው፤ ለቃሚዋ ግን እሷ ሆነች። አምስት ሴራሚክ በመሮ ፈንቅላ፣ ሥሩን ፍቃ፣ እንደገና አነጠፈች። ከዚያ በአግዳሚው ወንበር ላይ እስኪመሽ ተቀምጣ ጠበቀችው። ይህን ያህል ጥንቁቅ ሰው አላየሁም።

እሑድ ከሰዓት እናቴን ይዤ ገባሁ። እጄን ጨምድዳ ይዛ፣ ቀኝ እግሯን አንሸራተተች፣ ግራዋን አስከተለች። አባይነሽ ደጅ ቆማ የእናቴን እግር ብቻ ታያለች። መታጠቢያ ቤቱ በር ጋ ስንደርስ እግሯ ምንም ሳያደናቅፈው አለፈ። ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞርን። ጠዋት ያስገባሁላት አልጋዋ ጋ ስንደርስ መቀመጥ አልፈለገችም።

«ልቀቀኝ» አለችኝ።

ለቀቅኋት። እናቴ ብቻዋን ወደ ደጅ ሄደች፤ እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስሁ።