ከአል-ጣኢፍ የመጣው ኮምፒውተር

የኮምፒውተር ማራገቢያ አቧራ ሲበዛበት የሚያሰማው ጉርምርምታ አለ። ባለፈው ሰሞን ደሴ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ላስነሳ በገባሁበት ሱቅ ሰማሁትና፣ ወረፋዬ እስኪያልፈኝ ድረስ ካርቱም፣ ካላክላ የነበረችውን አንድ ክፍል ቤታችንን ሳስብ ቆየሁ።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባታችን ፖርት ሱዳን ወደብ ይሠራ ስለነበር ለበዓል ብቻ ይመጣ ነበር፤ እናቴ ዘይነባ ደግሞ ጧት ሀፍላ በሚሉት አውቶቡስ ተሳፍራ እዚያው ካርቱም አል-ጣኢፍ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ትልቅ ቤት ትሄድና፣ ስታጥብና ስታበስል ውላ ሲመሻሽ ትመለስ ነበር። በዚያ ዓመት ብርዱ ሲገባ ታናሽ ወንድሟ ሰይድ ከወሎ መጣ። እኔና ትንሹ ወንድሜ አንዋር እንደ ሰፈሩ ልጆች በዐረብኛው «ኻሎ»፣ አጎቴ፣ እንለው ነበር። ሰይድ የመጣው ሊኖር አልነበረም፤ ከጓደኛው ከከማል ጋር በሊቢያ በኩል ባሕሩን ሊሻገሩ አስበው፣ ደላላው እስኪጠራቸው የቀን ሥራ እየሠሩ ይጠብቁ ነበር። እናቴ መጀመሪያ ለመነችው፣ አለቀሰች፣ ከዚያ መለመኑን ተወች።

አንድ ቀን ግን ከአሠሪዋ ቤት አንድ አሮጌ ኮምፒውተር በአንሶላ ጠቅልላ፣ በሪክሻ፣ በእኛ አገር ባጃጅ፣ ጭና መጣች። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው፣ ሣጥኑ ብቻ ነበር።

«እታለም፣ ይሄ ምን ያደርግልናል?» አላት ሰይድ እየሳቀ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ኮምቦልቻ ኮምፒውተር ቤት ትሠራ አልነበር? ልጆቹ በቴሌቪዥኑ ፊልም እንዲያዩበት አድርግላቸው» አለችው።

የዚያን ዓመት የብርድ ወራት ሰይድ በዚያ ሣጥን ላይ አሳለፈው። ዓርብ ዓርብ ምንጣፍ ላይ ዘርግቶት ይቀመጥና አቧራውን በቀለም ብሩሽ ይጠርግ፣ ሚሞሪውን ነቅሎ በእኔ ላጲስ እያሸ ይመልስ ነበር። ካርቱም ሁለት ከሚባለው ሰፈር ከአንድ ሱቅ ቀለል ያለ ሲስተም በፍላሽ ይዞ መጥቶ፣ የድሮውን አጥፍቶ እሱን ጫነበት፤ ገና ሲበራ የፊልሞቹን ስዕል በትልልቁ ደርድሮ የሚያሳይ ፕሮግራምም ጨመረ። ምስሉን በወፍራም ገመድ፣ ድምፁን በሌላ ቀጭን ገመድ ከቴሌቪዥናችን ጋር አገናኘው። መጀመሪያ ምስሉ ብቻ መጣ። አንዋር ሰዎቹ ለምን እንደማያወሩ ሲጠይቀው፣ አማርኛችን ሁልጊዜ የሚያስቀው ሰይድ «ታገስ፣ እንዳንተ አማርኛ እየተማሩ ነው» አለው።

በኋላ ድምፁም መጣ። ካርቱኑም፣ የረመዳኑ ድራማም፣ ከወሎ በፍላሽ የተላከው የአክስቴ ሠርግም በውስጡ ነበር። እናቴ ያልተገኘችበትን ያን ሠርግ ደጋግማ ታስከፍት ነበር፤ የምታየው ግን ሙሽራዋን ሳይሆን ከኋላ የሚጨፍረውን ሰይድን ነበር፣ እሱ ራሱ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ።

ሙቀቱ ሲበረታ ቴሌቪዥኑን ወደ ደጅ እናወጣና የግቢው ሰው ሁሉ ደጅ ባወጣው አልጋ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። የግቢው ባለቤት ሐጃ «ያ ሰይድ፣ ወላሂ ለእኔም እንዲህ ያለ ሥራልኝ» አሉት፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ሌሎችም አሮጌ ኮምፒውተር እየያዙ መምጣት ጀመሩ።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ሀቡብ የሚሉት ነፋስ ተነሥቶ ሰማዩን በአቧራ አቀላው፤ በማግስቱ ኮምፒውተራችን አልነሣም አለ። ሰይድ ፈታትቶ ምንጣፉ ላይ በትኖት ሳለ ከማል እያለከለከ ገባ።

«ያላ፣ ተነሥ! ደላላው ደውሏል፣ መኪናው ኡምዱርማን ቆሟል» አለው።

የሰይድ ቦርሳ ከመጣ ጀምሮ ተዘጋጅቶ ከበሩ ኋላ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ዕረፍቷ ስለነበረ እቤት ነበረች። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቀረበች፤ አላለቀሰችም።

«የልጆቹን ዕቃ እንዲህ ፈታትተህባቸው ነው የምትሄደው?» አለችው።

ሰይድ የተበተነውን ዕቃ አየ፣ ቀና ብሎ ከማልን አየ። «አንተ ቅደም፤ በሚቀጥለው እደርስብሃለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለው። ከማል የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ተቃቀፉና ከማል ብቻውን ወጣ። ሰይድ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ብሩሹን አንሥቶ አቧራውን መጥረግ ጀመረ።

በሚቀጥለውም መኪና አልሄደም። ካርቱም ሁለት ያለው ሱቅ ሥራ ሰጠው። ከማል በሰላም ደረሰ፤ አሁን ጣሊያን ይኖራል፣ የልጆቹንም ፎቶ ይልካል። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ቤቱን ከነዕቃው ጥለን ወጣን፤ እኛን እየመራ እስከ መተማ ያደረሰን ሰይድ ነበር።

ደሴ ከገባን በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ እናቴ ድንገት «ያን ኮምፒውተር ለምኜ ያመጣሁት አንተን ለማስቀረት ነበር» አለችው።

«ያኔውኑ ገብቶኛል» አላት።

«ታዲያ በድዬሃለሁ?»

«አንዳንድ ቀን አዎ፣ እታለም» አላት ሰይድ። እናቴ ወጥ ጨመረችለት።

አንዋር አሁን ጢሙ ማቆጥቆጥ ጀምሯል። ያኔ በካላክላው ግቢ አንዱ የሚያየውን ሁላችንም እናየው ነበር፤ የሳቀም ያለቀሰም ይታወቅ ነበር። ዛሬ አንዋር ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ስልኩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያያል። አልፎ አልፎ ቀና ይልና ከማል እንዴት እንደተሻገረ ይጠይቀኛል። የማውቀውን እነግረዋለሁ፤ እሱም ወደ ስልኩ ይመለሳል። ምን እንደሚያይ አላውቅም።