በፕላስተር የሸፈንኳት ቢጫ መብራት

ባለፈው ቅዳሜ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎችን አስፋልት ዳር አስቁሜ ከነጋቢያቸው ፀሐይ አስመታኋቸው። ልናገረውና ይውጣልኝ...

ነገሩ የጀመረው ዓርብ ከሰዓት አምቦ ላይ ነው። ለታናሽ ወንድሜ ሚስት ልንጠይቅ በማግስቱ ጌዶ ቀጠሮ አለን። ሽማግሌዎቹን የምወስደው እኔ ነኝ፣ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ባስመጣቻት መኪና። መኪናዋ ጎማ ንፋስ ሲጎድለው ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ታበራለች። የትኛው ጎማ እንደሆነ ግን አትናገርም።

እሷው መብራት በራች።

ኦቦ ደበላ ጋ ወሰድኳት። ጎሚስታ ናቸው፣ የአባቴ እኩያ። አራቱንም ጎማ ለኩ፣ አንዱን ትንሽ ንፋስ ጨመሩለት። መብራቷ ወይ ፍንክች! ደግመው ለኩ... አሁንም ወይ ፍንክች።

«መምህር፣ አራቱም ደህና ናቸው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ሰው ቆሞ እያየን ነው። «ታዲያ ኮምፒውተሩ ነው የሚዋሸው ወይስ አንተ? ካልቻልክ አልችልም በል!» አልኳቸው። አዎ... «አንተ»። እሳቸው «እርስዎ» እያሉኝ።

መለኪያቸውን በጨርቅ ጠረጉና «ስኮርታዋንስ ልይልዎት? ከኋላ ያለችውን ትርፍ ጎማ?» አሉኝ።

«መሬት የማትነካ ጎማ መኪናዋን ምን አገባት!» ብዬ በሩን ድርግም አድርጌ ሄድኩ። ልብ በሉ፣ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ።

ቤት ደርሼ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌዎቹ መብራቷን አይተው እንዳይሰጉ የቁስል ፕላስተር ቆርጬ ለጠፍኩባት። በራሴ ብልጠት ስስቅ አመሸሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ጉደርን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የኋላው ጎማ ቷ! አለ። ስኮርታ አለ ብዬ ተረጋግቼ ወረድኩ። ክሪክ አስገባሁ፣ የፈነዳውን ፈታሁ፣ ስኮርታዋን አወረድኩ... በእጄ ስጫናት እንደ ሊጥ ስርጉድ አለች። ባዶ ናት!

ቀጠሯችን ሦስት ሰዓት ነው። የሰው ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ ደግሞ አያረፍድም፣ ንቀት ነው። ወንድሜ በየአምስት ደቂቃው ይደውላል።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ ኦቦ ገመቹ፣ ስልካቸውን አወጡ። «አንድ ጎበዝ ጎሚስታ አውቃለሁ፣ ደበላ ይባላል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኦቦ ደበላ በሞተር መጡ። ከሽማግሌዎቹ ጋር «አካም ቡልተኒ» ተባባሉና ለኔም እጃቸውን ዘረጉልኝ። ስኮርታዋን ነፍተው የሳሙና ውሃ ሲያፈሱባት ከንፋስ መሙያዋ አረፋ ወጣ፤ አጠበቁት።

«ይቺም እንደ አራቱ በሆዷ መለኪያ አላት። ስታስጠነቅቅ የነበረችው እሷ ናት» አሉ ረጋ ብለው።

ጎማውን ከገጠሙ በኋላ መብራቷን ሊያዩ ገቢና ገቡ። ጎንበስ ሲሉ... ፕላስተሯ። ላጥ አደረጓት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

ኦቦ ደበላ አዩኝ። «ፀሐይ ሲያርፍበት መስታወቱ ዓይን ይወጋል፣ ለዚያ ነው» አሉና ፕላስተሯን እጄ ውስጥ አስጨበጡኝ። ከዚያ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ራኮን ህንጅሩ፣ ኢልማ ኮ» አሉኝ። ችግር የለም ልጄ ማለታቸው ነው። ምነው በጥፊ ባሉኝ!

ጌዶ አምስት ሰዓት ደረስን። የልጅቷ አባት «ያረፈደ ሽማግሌ ሌላ ቀን ይመጣል» ብለው ለመጪው ቅዳሜ ቀጠሩን። ወንድሜ ይኸው እስካሁን አያናግረኝም፣ እውነቱን ነው።

ዛሬ ኦቦ ደበላ ጋ ሄጄ፣ በጮህኩባቸው ቦታ፣ ሰው ባለበት፣ «እርስዎ» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ለቅዳሜም አራተኛ ሽማግሌ ይሁኑልን ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ።

ፕላስተሯ ኪሴ ውስጥ አለች። መጀመሪያውኑ መለጠፍ የነበረባት አፌ ላይ ነበር።