የጭቃው ክስ

ጭቃን በማመልከቻ የከሰሰ ሰው ካለ ደስመንድ ፔቪ ነው። በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ የባሕር ዳርቻ ለሚገኘው ለመንደሩ የጀልባ ክበብ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈ። ፍሬ ነገሩ፣ ከቤቴ ደጃፍ ያለው ወሽመጥ በደለል ተሞልቷልና ይጠረግልኝ ነው።

ቀልድ አልነበረም። በክበቡ ደንብ፣ ባሕሩ ሲሞላ ከጭቃው የማትነሣ ጀልባ ቦታዋን ትለቃለች። የደስመንድ ጀልባ ዶሮቲ ደግሞ ከፋሲካ ወዲህ አልተነሣችም። ጎረቤቶቿ ሽቅብ ብድግ ሲሉ እሷ ዳሌዋን ጭቃ ውስጥ ቀብራ ታንቀላፋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጥርሱን እየቦረሸ በመስኮት ያያት ጀልባ አሁን ወደ ሩቁ ወደብ ልትሰደድ ነው፤ ቅዳሜ መጥተው እሑድ የሚሄዱ፣ ጀልባቸው ፕላስቲክ፣ ጫማቸው ነጭ የሆነ ሰዎች ወዳሉበት። ከዚያስ ሞት ይሻለኛል ይላል ደስመንድ።

ሚስቱ ሂልዳ ዶሮቲን «ጣውንቴ» ነው የምትላት። ሲገዛት አሮጌም ብትሆን ሸንቃጣ ነበረች፤ ሰባት ሜትር የእንጨት ጀልባ፣ ነፋስ ሽው ሲል ሸራዋን ነፍታ የምትበር። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ደስመንድ ግን የሚወደው በጀልባ መሄድን ሳይሆን ጀልባ ላይ መጨመርን ነው። መደርደሪያ ሠራላት። መደርደሪያው ብቸኝነት እንዳይሰማው ቁም ሣጥን ጨመረ። ቀጥሎ የብረት ምድጃ ገባ፤ ምድጃው ወደ ግራ ሲያዘነብላት፣ በስተቀኝ ከፈረሰ መጠጥ ቤት የተገዛ የኦክ ጠረጴዛ። ውሃው የሚደርስበትን ልክ የሚያሳየው ቀይ መስመር በየጊዜው ይሰጥማል፤ ደስመንድም በሰጠመ ቁጥር ከፍ አድርጎ ይቀባዋል። ለምን ሲባል ቀለሙ ደብዝዞ ነው ይላል።

ክበቡ አጣሪ አድርጎ አቶ አርተር ጎድቦልድን ላከ። የሰማንያ ሁለት ዓመት ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ባሕሩ ሲጎድል በረጅም ቦቲያቸው ገብተው በትራቸውን ጭቃው ላይ ተከሉና አባታቸው በድሮ ጊዜ የጭቃውን ልክ በጀልባ ማሰሪያው ምሰሶ ላይ ከጫሩበት ምልክት ጋር አስተያዩት። ከዚያ ወደ ዶሮቲ ዞረው ጎኗን በቢላ ፋቅ አደረጉ። ከቀለሙ ሥር ቀይ መስመር ብቅ አለ። ዝቅ ብለው ፋቁ፤ ሌላ ቀይ። እንዲህ እያሉ አራት ቆጠሩ።

«ስማ ፔቪ፣ ጭቃው ካባቴ ጊዜ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም» አሉ። «የወፈረችው ሴትዮዋ ናት።»

ደስመንድ አሮጌ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል ብሎ ተከራከረ።

«ይጠጣል። ምድጃ ግን አይውጥም።»

እስከ ቅዳሜ ቀጠሮ ሰጡት። ደስመንድም ጀልባዋን ማቅለል ጀመረ፤ መጀመሪያ የሂልዳን ትራስ፣ ቀጥሎ የሂልዳን ብርድ ልብስ፣ በመጨረሻ የሂልዳን ማንቆርቆሪያ አወጣ። ዓርብ ባሕሩ ሞላ፤ ዶሮቲ ወይ ፍንክች። ሂልዳ ማንቆርቆሪያዋን ታቅፋ ልክ ልኩን ነገረችው።

«በሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ላይ ያስቀመጥኩት ትራስ፣ ብርድ ልብስና ይህችን ብቻ ነው። ምድጃህን ካላወጣህ፣ ከነገ ወዲያ ስታየው የምትውለው እኔን ብቻ ነው።»

ደስመንድ ይህን አላሰበበትም ነበር። ደነገጠ።

በማግስቱ ምድጃው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ጠረጴዛው ሁሉ ሣሩ ላይ ተደረደረ። አላፊ አግዳሚው የሞተ ሰው ዕቃ የሚሸጥ መስሎት ዋጋ ጠየቀ። ባሕሩ መጣ። ዶሮቲ አንዴ ተንፈስ አለች፣ ተንገዳገደች፣ ከዚያ እንደ ቡሽ ብድግ። አቶ አርተር ቦታው ያንተው ነው ብለው፣ ተነሥታ ከቆመች ደግሞ ምን ትጠብቃለህ፣ ንዳት እንጂ አሉት። ደስመንድ ማመካኛ ስላጣ ሸራውን ሰቀለ።

መሪውን ሂልዳ ያዘች፤ ሸራው ጢም ሲል ዶሮቲ እንደ ልጅነቷ ፈተለከች። ሂልዳ ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ደስመንድ ከአጠገቧ መጥፋቱ አጠራጠራትና ወደ ውስጥ አጎንብሳ አየች። ባዶው ክፍል መሐል ቆሞ ግድግዳውን በስንዝር ይለካል።

«ደስመንድ» አለችው፣ «እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።»