ጫማ አውልቀን ለምንቆም እናቶች

በ2016 ዓ.ም.፣ በነቢያት ጾም፣ የኦሃዮ ብርድ ገና ሲጀምር ነው። የመጀመሪያው ምልክት ሽታ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ጫማዬን አውልቄ ስገባ የሞተ ነገር ሸተተኝ። ከጫማ መደርደሪያው መስሎኝ ቅዳሴው እስኪያልቅ አፍንጫዬን በነጠላዬ ሸፍኜ ቆምኩ። መኪና ውስጥም ሸተተኝ። ሂልቶፕ ሰፈር ያለው ቤታችን ስንገባ ልጄ ሶስና ጮኸች።

«ማም! ዩር ሶክ!»

የቀኝ እግሬ ካልሲ ከጣቶቼ ሥር ረጥቦ ጠቁሯል። ስገፍፈው ቆዳ ይዞ ወጣ። ሶስና ሮጣ ሄዳ አስመለሳት። እኔን ምንም አላመመኝም።

የስኳር በሽታ ከያዘኝ ቆይቷል። ካናል ዊንቸስተር በሚባል ከተማ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ቆሜ ስለምውል የእግሬን መደንዘዝ የድካም ነው እያልኩ ትቼው ነበር። ድንገተኛ ክፍል ስሄድ ሐኪሙ ከሥጋዬ ውስጥ የምንጣፍ ስቴፕል፣ ያችን ቀጭን የሽቦ ሚስማር፣ አወጣ። ከቤተ ክርስቲያናችን ወለል የተነቀለ ነው። እግሬ ውስጥ ገብቶ ስንት ቅዳሴ አብሮኝ እንደቆመ አላውቅም።

«ኒውሮፓቲ ነው» አለ ሐኪሙ፤ ሶስና ተረጎመችልኝ። «ስኳሩ ነርቭሽን ጎድቶታል። እግርሽ ቢወጉት አያውቅም።»

ኤም አር አይ አነሱኝ። ምርቀዛው አጥንት ገብቷል። ኦስቲኦማይላይቲስ ይሉታል።

«ትንሿ ጣት ትቆረጣለች። አንቲባዮቲኩ ካልያዘው ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ እንቆርጣለን» አለ ሐኪሙ።

ጣቴን ቆረጡ። ቁስሉን ሲፈቱት ሽታው ክፍሉን ሞላው። ነርሷ ፊቷን አዞረች። እኔም አዞርኩ። የገዛ ሥጋዬ ቀፈፈኝ። ጸሎት እንኳ አልመጣልኝም። «አቤቱ» ብቻ አልኩ።

ከዚያ የባሰ ያንገሸገሸኝ ግን ቁስል ክሊኒኩ ውስጥ ተራ ስጠብቅ ያየሁት ነው። ጠረጴዛው ላይ በራሪ ወረቀት ተቀምጧል፤ ሽፋኑ ላይ ነጠላ ለብሰን የምንስቀው እኛ የቤተ ክርስቲያኑ እናቶች ነን። በፊተኛው ዓመት አንድ ድርጅት ስለ ስኳር በሽታ ሊያስተምረን አዳራሻችን መጥቶ ነበር። ቀኑ ረቡዕ ነው። ዶሮና አይብ የገባበት ሳንድዊች አቀረቡልን፤ እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ተቀመጥን። ጾሙን ተዉ፣ እንጀራውን ተዉ አሉን። የእግር ሥዕል በስክሪን አሳዩን። አንዲቷንም ጫማሽን አውልቂ ያላት የለም። በመጨረሻ «ፈገግ በሉ» ብለው ፎቶ አንስተውን ሄዱ። እኔ እግሬ እየበሰበሰ ወረቀቱ ላይ እስቃለሁ። ገለበጥኩት።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ፎቶውንና እኔን አይታ ኖሮ ሳቀች። ሮንዳ ትባላለች፤ የዚህች አገር የጥንት ባለቤቶች፣ የነባር አሜሪካውያን ልጅ ናት። በስኳር ምክንያት አንድ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆርጧል።

«እናንተ ታድላችኋል» አለችኝ። «እኛንማ ለፎቶ ላባ አድርጋችሁ ኑ ይሉናል።» ሰው ሠራሽ እግሯን መታ መታ አደረገች። «ይኸኛው ደግሞ አይሸትም።»

ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

በዐቢይ ጾም ወደ ወገኖቿ ማዕከል ጠራችኝ። ቀድማ ደውላ የማልበላውን ጠየቀችኝ። ቦታውን የሚመሩት ራሳቸው ናቸው፤ አዛውንቶቻቸው ሳይፈቅዱ ከውጭ የሚገባ ፕሮግራም የለም። አንድ ሽማግሌ በቋንቋቸው ጸለዩ፤ ሶስናና እኔ ቆመን አማተብን። ቅቤ ያልነካው የበቆሎና የባቄላ ሾርባ ከበላን በኋላ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ከወገኖቻቸው የሆነች ነርስ መስታወት ይዛ እየዞረች የእያንዳንዱን እግር ሥር አየች።

«አጎቴ፣ ይኸ እግር ነው ወይስ የዛፍ ሥር?» አለች አንዱን ሽማግሌ።

«ዛፉ አንቺን ይቀብራል» አሏት። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ማንም አላፈረም፤ ማንም ካሜራ አላወጣም።

ስንወጣ ሮንዳን ለመንኳት፤ ለእኛም መጥታችሁ አድርጉልን አልኳት።

«አይሆንም» አለች። «ይኸ የእኛ ነው። እናንተም የራሳችሁ አዛውንትና ነርስ አላችሁ። የእናንተን እናንተ ሥሩ። የከበዳችሁ ነገር ካለ ደውዪልኝ።»

መኪና ውስጥ ቅር ብሎኝ ነበር። ብሮድ ስትሪት ስንደርስ ግን ትክክል እንደሆነች ገባኝ።

አንቲባዮቲኩ ያዘ። ከትንሣኤ በኋላ ቁስሉ ሲደርቅ ነገሩን ለእናቶች ማኅበራችን አቀረብኩ፤ አንዳንዶቹ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ባዶ እግር ማሳየት ነውር ነው ቢሉም ቀሲስ «በጸሎተ ሐሙስ እግራችሁን አጥበን የለም እንዴ? ታዲያ ማየቱን ማን ከለከለ?» ብለው ጨረሱት። ወንዶቹ የምንጣፉን ስቴፕል አንድ በአንድ ነቀሉ፤ እኛ ደግሞ እግራቸው ለደነዘዘ ሰዎች ወፍራም ነጭ ካልሲ በር ላይ አስቀመጥን፤ ከመካከላችን ነርስ የሆነችው ሲስተር ራሔል ከቅዳሴ በኋላ እግር ለማየት ተስማማች። ያ ድርጅት ወሬውን ሰምቶ ደወለ። ወጪውን እንሸፍን፣ ባነራችንን ብቻ ስቀሉ አሉን። እምቢ አልናቸው።

የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሁሉም ጫማውን አጥልቆ አዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ቀድሜ አወለቅሁ። ጣት የሌለበትን ቦታ ሲያዩ አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ከሚነርቫ ፓርክ ሰፈር የሚመጡት እትዬ አበበች ጎንበስ ብለው አዩት።

«ለዚህ ነው የምንፈራው? እኔ ከዚህ የባሰ እግር ነው ያገባሁት!»

ሳቁ። ባለቤታቸውም ከወንዶቹ በኩል «እሱ እግር ነው ያኖረሽ!» ብለው መለሱ።

«እንግዲህ እትዬ፣ የእርስዎን እንይ» አለች ራሔል።

«የእኔን ተዪው።»

ተዪው ቢሉም አልተወቻቸውም። ተረከዛቸው ሥር የተሰነጠቀ፣ ዙሪያው የጠቆረ ቁስል ተገኘ። ራሔል ወደ እኔ ቀና ብላ «ነገ ሐኪም ይየው» አለች።

እንደ እኔ ለምትታመሙ ይኸን እላለሁ። እግራችሁን በየቀኑ በመስታወት እዩ፤ ካልሲያችሁ ነጭ ይሁን፣ እድፉን አይደብቅም። በጾም መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። ሊያገለግላችሁ የሚመጣ ሰው ምን እንደምትበሉ ሳይጠይቅ ፎቶ ካነሳችሁ በሩን አሳዩት። ሮንዳንና ወገኖቿን እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እግሬን ላተረፈልኝ ለእርሱ ምስጋና ይሁን።

ከዚያች የመጀመሪያ እሑድ በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ደውዬ ቀረሁና እትዬ አበበችን ከቤታቸው ወስጄ ሐኪም ጋ አደረስኳቸው። ጫማ አውልቁ ሲባሉ ጉልበታቸው አልታጠፍ አላቸው። ዝቅ ብዬ ፈታሁላቸው።