ሙጃሌ ነቃይዋ አልጣሽና የዲላ ጻድቃን

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ዲላ ውስጥ ጻድቅ ሞልቶ ነበር። ነጠላው የነጣ፣ ከቅዳሴ በፊት እህል የማይነካ፣ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ደሃ መንካት የሚጠየፍ ጻድቅ።

ከሁሉም ጎልተው የሚታዩት ባላምባራስ ጉግሳ ነበሩ። ባለ መሬትም ቡና ነጋዴም ናቸው። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ቄሱ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ባላምባራስ ከፊት ይቀመጣሉ። ታዲያ ከቤታቸው የሚወጡት በሽቶ ሳሙና ታጥበው፣ ጥፍራቸውን ተቆርጠው ነው፤ ለእግዚአብሔር የሚታጠብ ጉድፍ እንኳ አይተዉለትም።

አልጣሽ ከኋላ፣ ከበሩ ጥግ የምትቆም ሴት ነበረች። ባሏ የባላምባራስ መጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ሲሞት እሷ እዚያው መጋዘን ከቡናው ውስጥ ጠጠርና ጥቁር ፍሬ እየለቀመች ኖረች። የምትኖርባት ክፍልም የባላምባራስ ነበረች። በአንዱ ጸሎተ ሐሙስ የነፍስ አባቷ አባ ገሪማ ጌታ ለምን ጎንበስ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ አስተማሩ። ምእመኑ አንገቱን ነቀነቀ፣ ጉልባኑን ሊበላ ወደየቤቱ ሄደ። አልጣሽ ግን ነገሩን የምር ወሰደችው። ጥፋቷም ይኸው ነው።

እግር ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ለመጋዘኑ ቡና ተሸክመው የሚመጡት የጌዴኦ ጪሰኞች እግራቸው በሙጃሌ ያለቀ ነበር። ሙጃሌ ከቆዳ ሥር ገብታ የምትፈለፍል ቁንጫ ናት፤ ካልወጣች ጣት ይመግላል፣ ጥፍር ይወድቃል፣ ሰው በተረከዙ ይሄዳል። ከተማው መድኃኒት አልፈለገላቸውም፤ ስም ግን አወጣላቸው። «ሙጃሌያም» ይላቸው ነበር፣ ቁንጫዋን ከገበያ ገዝተው የመጡ ይመስል።

አልጣሽ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለብ ያለ የጨው ውኃ፣ መርፌና ጥቂት ላምባ ይዛ በሯ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የመጣው ይርጋ የሚባል የባላምባራስ ጪሰኛ ነው፤ መጣ ከማለት ተጎተተ ማለት ይሻላል። እግሩን ስትይዘው አፍሮ ሰበሰበው። መልሳ ሳበችው። ሽታው ሲመታት ግን ተነሥታ ጓሮ ሄደች፣ አስመለሳት፣ አፏን ተጉመጥምጣ ተመልሳ ተቀመጠችና መርፌዋን አነሣች። እዚህ ላይ የመላእክት ዝማሬ አልተሰማም። የተሰማው የጎረቤት ሴቶች ሳቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከእጇ የሚቀምስ ጠፋ። እድርተኞቿ አብራቸው ወጥ እንዳትሠራ በጨዋ አፍ ነገሯት። እሷ በየእሑዱ ተቀመጠች፤ እግሮቹም እየዳኑ ሄዱ።

መዘዙ የመጣው ከመዳናቸው ነው። እግሩ የታመመ ጪሰኛ ለባለ መሬት ይመቻል፤ ወዴት ይሄዳል? ይርጋ እግሩ ሲድን ሚስቱን ይዞ ወንድሞቹ ወዳሉበት ወደ ኮንጋ ሄደ። ሌሎችም ተከተሉት። ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ሃይማኖታቸው በረታ። አልጣሽን ቤታቸው አስጠርተው፣ አባ ገሪማን ከጎናቸው አስቀምጠው፣ ጪሰኞቼን ታስኮበልያለሽ ሲሉ ከሰሷት።

«እኔ እግራቸውን ነው ያዳንኩት፣ ጌታዬ» አለች። «መንገዱን አላሳየኋቸውም።»

አባ ገሪማ ከባላምባራስ ጠጅ ተጎንጭተው ተናገሩ። እግር ማጠብ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፣ ሥርዓት ቀንና ባለቤት አለው፣ ሴት ልጅ ደጃፏ ላይ የምታደርገው ነገር አይደለም አሏት። ከዚያም መስቀላቸውን አውጥተው ዳግመኛ መርፌ ይዛ እንዳትቀመጥ ገዘቷት። አልጣሽ መስቀሉን ተሳለመች። እያለቀሰች ወደ ቤቷ ገባች፤ ግዝት ለእሷ ቀልድ አልነበረም። በሚቀጥለው እሑድ ግን አንድ ሽማግሌ ተረከዙ መግሎ በሯ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘችው። ውኃውን አሞቀች።

በሳምንቱ ዕቃዋ መንገድ ላይ ተጣለ። ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በአጠገቧ አለፉ፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት። በዲላ በጣም ርካሹ ምጽዋት ይህ ነበር፤ ሁሉም አብዝቶ ሰጣት።

ወሬው ኮንጋ ሲደርስ ይርጋ ከሰዎች ጋር መጣ። «እማማ፣ ቤት ሠርተናል። ተነሣ፣ እንሂድ» አላት። በመንገዱ ዳር የቆሙት ሴቲቱን «ተነሣ» አላት ብለው ተሳሳቁ። አማርኛቸው ከተስተካከለው ከእነዚያ ሁሉ አንዱ እንኳ ጣራ አላቀረበላትም።

ኮንጋ ላይ ከእንሰቱ መሐል በቀርከሃ የተሠራች ጎጆ ሰጧት። ቋንቋው እስኪገባት ብቸኝነት ከበዳት፤ ቆይታ ግን ለመደችው። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ትጠይቅ ነበር፤ የዳነ ሰው ቁጭ ብሎ የሌላውን እግር ይያዝ። ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውም፣ የሚሲዮኖቹ አዲስ ጸሎት ቤት የሚሄደውም፣ ገና የአባቶቹን እምነት ያልተወውም በአንድ ገበቴ ታጠበ። ማን የማን እንደሆነ ከተረከዙ አይታወቅም ነበር።

ዓመታት አልፈው አባ ገሪማ ኮንጋ ድረስ መጡ። ግዝቱ ሳይከነክናቸው አልቀረም፤ ፈትቼሻለሁ ሊሏት ነው። አልጣሽ የአንድ ሰው እግር ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ሰማቻቸው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ» አለቻቸው። «ውኃ አልቆብኛል፤ ከምንጩ ቢቀዱልኝ።»

ቄሱ ዞር ብለው የሚያዙት ሰው ፈለጉ። ሁሉም እግር ይዟል። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ባልዲውን አነሡ፣ ወረዱ፣ እያለከለኩ ይዘው መጡ። አልጣሽ ደስ ብሏት እዚያ የተቀመጠውን ሰው እግር እንዲይዙላት ጠየቀቻቸው። አባ ገሪማ እግሩን አዩት። አውቶቡስ ያመልጠኛል አሉና ባረኳት፣ ሄዱ።

ንስሐ ገብተው ተመለሱ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልተመለሱም። ያችን አንዲት ባልዲ ውኃ ግን ዲላ ላይ እስኪያረጁ ሰበኳት፤ ባላምባራስም ከፊት ተቀምጠው በየዓመቱ ያለቅሱ ነበር።