ያመኑት ዳይፐር

«ሚዛን» የሚለውን ቅጽል ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ ቢያስቀይማቸው ጥፋቱ የኔ ነበር። አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ደስ ብሏቸው ነበር። እትዬ ሚዛን በሕፃናት ማቆያው ከኔ ጋር አንድ ክፍል የሚሠሩ ሞግዚት ናቸው። አምስት ልጅ አሳድገዋል፤ አሁን ደግሞ ቤታቸው የሰባት ወር የልጅ ልጅ አለ። መዳፋቸውን በሕፃኑ መቀመጫ ሥር ሰደድ ያደርጉና ፍርድ ይሰጣሉ። «ይሄ ደረቅ ነው።» «ይሄ ሞልቷል፣ ነይ ውሰጂው።» ሳይፈቱ፣ ሳያሸቱ። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ሲሳሳቱ አላየሁም። ያላየሁ ይመስለኝ ነበር።

ዘጠኝ ሕፃናት አሉን። ወላጅ ሁሉ የልጁን ዳይፐር በእሽግ ያመጣል፣ እኛ በየመደርደሪያቸው እናስቀምጣለን። ርካሹ ስስ ነው፤ ሲይዙት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ተነፍቶ በጭን በኩል ያፈሳል። ውዱ ለስላሳ ነው፤ ቢጠጣም ቢጠጣም አፉን አይከፍትም። እሽጉ ላይ «እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት» የሚል ተጽፎበታል። እኔና እትዬ በመካከላችን «አፍሳሾቹ» እና «ቻዮቹ» ነው የምንላቸው።

የመቀየሪያ ሰዓት ሲደርስ ከአፍሳሾቹ እንጀምራለን። ካፈሰሰ ፍራሽ ይታጠባል፣ ሱሪ ይታጠባል፣ ልጁም ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል። ቻዮቹን ግን በእጅ እንዳስሳቸዋለን፤ ደረቅ ከሆነ እናልፋለን። ጠዋት ጠዋት እሳቸው ይዳስሳሉ፣ ከምሳ በኋላ እኔ። ይህን ደንብ ማንም አልጻፈውም፤ እጃችን ነው የለመደው።

የአፍሳሾቹ አለቃ ኩርፌ ነው፤ የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ሲቀየርም ሳይቀየርም የሚያኮርፍ። የቻዮቹ አለቃ ደግሞ የጠበቃዋ ልጅ ድንቡሼ ናት። አታለቅስም፣ አትነጫነጭም፤ ባስቀመጧት ቦታ ተቀምጣ ለዓለሙ ሁሉ ትስቃለች። እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲገኝ ሞግዚት ይባረካል እንላለን። ልጅቷ በፀባይዋ ስትጎዳ እንደነበር ያወቅነው ኋላ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጠበቃዋ እሳት ጎርሳ መጣች። ድንቡሼን በክንዷ እንዳቀፈች በቀጥታ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገባች፤ እኔና እትዬም ተጠራን። ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ዳይፐሩን ስትፈታው ዓይኔን መለስኩ። የልጅቷ መቀመጫ ፍም መስሏል፤ በእጥፋቱ በኩል ቆዳው ተልጧል።

«ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቃላችሁ?» አለች። «‹እርጥብ ላይ ቆይታለች› አለኝ። እኔ ልጄን የማለብሳት በገበያው ካለው ሁሉ ውዱን ነው። እርጥብ ላይ እንዴት ትቆያለች?»

«ጥርስ እያወጣች ይሆናላ፣ የድንቡሼ እናት» አሉ እትዬ። «ጥርስ ሲመጣ እንዲህ ያደርጋቸዋል።»

«አንቺ ቆይ!» አለቻቸው።

እስከ ትናንት «እርስዎ» ነበሩ፤ እናቷን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ዳይሬክተሯ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ባለፈው ሳምንት ‹ይሄ ዳይፐር የት ይሸጣል?› ብለሽ አልጠየቅሽኝም?»

«ጠይቄያለሁ።»

«ለማን ነው የጠየቅሽው?»

«ለልጅ ልጄ። ልጄ ርካሹን ነው የምትገዛው፣ ሌሊት ያፈስባታል፤ እና…»

«በቃ።» ጠበቃዋ ወደ ዳይሬክተሯ ዞረች። «ሁለቱን ዳይፐር ላሳይሽ እችላለሁ?»

ከቦርሳዋ አንድ ውድ ዳይፐር አወጣች፤ ከኩርፌ መደርደሪያ አንድ ርካሽ እኔ እንዳመጣ ታዘዝኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋችና በጡጦ እኩል ውኃ አፈሰሰችባቸው። ትንሽ ጠበቅን። ከዚያ በያንዳንዳቸው ላይ ሶፍት አስቀምጣ ተጫነች። ከርካሹ ላይ ሶፍቱ ረጥቦ ተነሣ፤ ውኃውም በጎን ወጥቶ የዳይሬክተሯን ወረቀቶች አራሰ። ከውዱ ላይ የተነሣው ሶፍት አፍንጫ ሊያብሱበት የሚቻል ደረቅ ነበር።

«ይኸውላችሁ» አለች። «ይሄኛው የልጅ ቆዳ አያቃጥልም። ስለዚህ ልጄ የምትለብሰው ይሄን አይደለም። የኔን ዳይፐር አንድ ሰው ወደ ቤቱ ይወስዳል፣ ለልጄ የሌላውን ያደርግላታል። ቤቱ ሕፃን ያለው ሰው ደግሞ እዚህ ክፍል አንድ ነው።»

እትዬ ሚዛን ወንበሩን ያዙ። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ቆይተዋል። ሌባ የተባለች ሞግዚት በዚህ ከተማ ሌላ በር አይከፈትላትም፤ ልጃቸውም የልጅ ልጃቸውም የሚያድሩት በዚህ ደመወዝ ነው። እኔ ሌብነታቸውን ለአፍታም አላመንኩም።

ድንገት ፊታቸው በራ። «እሽጉ!» አሉ። «ያመጡት እሽግ እኮ መደርደሪያው ላይ አለ! ስልሳ ፍሬ ነው፣ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሰርቄ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ባለቀ ነበር። ላምጣና ቁጠሩት!»

«አብረሻቸው ሂጂ» አለችኝ ዳይሬክተሯ።

ኮሪደሩን ሮጠን ነው ያለፍነው፤ እሳቸው እንደ ልጃገረድ ከፊት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያልኩ ከኋላ ተከተልኳቸው። የእኛ እውነት ግን ለማደርም ጊዜ አልሰጠን። እትዬ የመደርደሪያውን መጋረጃ ገልጠው የድንቡሼን እሽግ በሁለት እጃቸው አነሡት፤ እንዳነሡትም ቆሙ።

«ምነው?» አልኳቸው።

ያ ሳይፈታ የሚመዝነው እጅ መዘነ።

«ብዙ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ፣ ይሄ በጣም ብዙ ነው።»

ያኔ ገባኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀን አራት ጊዜ ብትቀየር ኖሮ እሽጉ ማለቅ ነበረበት። ጎደለ ብለን ስንፈራ ተርፎ ተገኘ። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም ግን በወጉ አልቀየራትም። ጠዋት እሳቸው ዳስሰው «ደረቅ ነው» ብለው አልፈዋል፣ ከሰዓት እኔ ዳስሼ አልፌያለሁ። ዳይፐሩ ውስጡ ያለውን ሁሉ ችሎ ውጭውን አለስልሶልናል። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ለካ ለኛም ነው።

በሩን ገፋ አድርጌ ዘጋሁ። «ስሙኝ» አልኩ። «ሃያ አምስት ያህል እናውጣ። በቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ሥር አስገባዋለሁ። ጥቂት ከቀረ ልክ ይሆናል፤ ማንም አያየንም።»

እትዬ አዩኝ። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም፤ ቁጣ የለውም።

«ሌባ አይደለሁም ለማለት ልስረቅ?» አሉኝ።

«ያባርሩዎታል፣ እትዬ!»

ከቢሮው በኩል የድንቡሼ ለቅሶ ተሰማ። ያቺ የማታለቅስ ልጅ፣ እናቷ ቅባት ስትቀባት አቃጥሏት ጮኸች። «ምነው ቆያችሁ?» አለች ዳይሬክተሯ ከወዲያ። እትዬ እሽጉን ደረታቸው ላይ አቅፈው በሩን በክርናቸው ከፈቱ።

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይቁጠሩት፣ የድንቡሼ እናት።»

ጠበቃዋ ቆጠረች። ሠላሳ አንድ። ሁለተኛ ቆጠረች። ፊቷ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ቀላ፤ ሌብነት አለመኖሩን አየች፣ ያለውንም አየች።

«አልሰረቅኩም» አሉ እትዬ። «ግን አልቀየርኳትም። ‹ይሄ ይችላል› እያልኩ አለፍኳት። የልብስ ሰፊዋን ልጅ ስላፈሰሰ ቶሎ ቶሎ ቀየርኩት፤ የእርሱ መቀመጫ ይኸው እንደ ወተት ነው። የርስዎ ልጅ ዝም ስላለች ጎዳኋት። በእጄ ተማምኜ ነው።»

ዳይሬክተሯ ወደኔ ዞረች። «አንቺስ?»

አፌን ከፈትኩ።

«እሷ ሌሎቹን ነው የምትይዘው» አሉ እትዬ ሚዛን። «ድንቡሼ የኔ ናት።»

እኔም ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። እትዬ ሽርጣቸውን ፈተው አጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ፤ ዳይሬክተሯ «እስክንጠራዎት ቤት ይቆዩ» አለቻቸው፤ ሄዱ። ጠበቃዋም ልጇን ይዛ ወጣች። ከሰዓት በኋላ የቀሩትን ስምንት ሕፃናት ብቻዬን ስቀይር ኩርፌ እንኳ አላኮረፈም።

በማግስቱ ጠዋት ጠበቃዋ ድንቡሼን ታቅፋ ከክፍላችን ደጃፍ ቆመች። በሌላ እጇ እሽግ ይዛለች። የሚንኮሻኮሸውን፣ ርካሹን።

«እትዬ የሉም?» አለች።

«የሉም።»

«ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ» አለች፤ ዓይኗ አብጧል። «እኔም እኮ ቤት ውስጥ ‹አሥራ ሁለት ሰዓት ይችላል› እያልኩ ከማታ እስከ ጠዋት አልፈታውም። እንቅልፌን ነበር የምገዛበት። ውዱ እንደሚሻል ትናንት አይታችኋል፤ ግን የሚያፈሰውን ሰው ዞር ብሎ ያየዋል። እስክትድን ይሄን አድርጉላት።» እሽጉን ሰጠችኝ። «ሴትዮዋ ቀርተዋል። ታዲያ አሁን የሚቀይርላት ማነው?»

ድንቡሼ እጆቿን ወደኔ ዘረጋች። ሳቀችልኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ከዚህ በፊትም ከሰዓት ከሰዓት እኔ ነበርኩ። እሳቸው ሸፍነውኝ ነው። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው።»

እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር። ልጇን መልሳ አጥብቃ አቀፈችና «ነይ፣ ቢሮ ገብተሽ ይሄንኑ ንገሪያት» አለችኝ። ገባሁ፤ ነገርኩ። ሁለታችንም የወር ደመወዝ ተቀጣን፤ እኔ በጽሑፍ ተገሠጽኩ።

እትዬ ሚዛን ሐሙስ ተመለሱ። ስለ ዝምታዬም፣ ስለ መናገሬም አንዲት ቃል አላነሡብኝም። ሽርጣቸውን አስረው ድንቡሼ ጋ ሄዱ፤ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ወደ መቀመጫዋ ሰደዱ፣ ሊደርስ ሲል መለሱት። ዳይፐሩን ፈቱ።

«ነይ» አሉኝ። «አንቺም እዪ።»